ያልተቀመሰ የአራስ ገንፎ

ጓንጉልን «እርስዎ የሚሠሩት ምግብ መርዝ ነው» ብሎ የሰደበው የገዛ ልጁ ባል ናትናኤል ነው፤ ያውም ባለፈው ፋሲካ፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከአንጀቱ አልወጣችም።

ቢሆንም ልጁ እቴነሽ ስትወልድ አላስቻለውም። እናቷ በሕይወት የለችምና ራሱ እያማሰለ ገንፎ ሠራ፤ መሃሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤና በርበሬ ሞላበትና በጋቢው ሸፍኖ ሄደ። ዘመኑ ግን ሌላ ነው። የሰው ሁሉ ምግብ ተለክቶ ከመንግሥት የምግብ ማዕከል ይመጣል፤ ከቤት ምድጃ የወጣ የቀመሰች አራስ ልጇን እንዳታጠባ ይከለክሏታል።

«አባዬ፣ ሽታው የእማዬን ይመስላል» አለች እቴነሽ፣ እንባ በዓይኗ አቅርሮ። ጣቷን ቅቤው ውስጥ ነከር አደረገች። ወደ አፏ ስታስጠጋው ማዕከሉ የምትበላውን እንዲቆጣጠር እጅ አንጓዋ ላይ ያሰራት መብራት ለማስጠንቀቅ ቀላች። እቅፏ ውስጥ የተኛውን ሕፃን አየች፤ አባቷን አየች። ከዚያ ጣቷን ቀስ ብላ በጋቢው ጫፍ ጠረገች።

«ነግሬዎት ነበር እኮ ጋሼ!» አለ ናትናኤል በሩ ላይ ቆሞ እየሳቀ። «ምን አለ አርፈው ቢቀመጡ?»

ጓንጉል ለዚህ ሰው ስንት መልስ ሲያዘጋጅ ነበር የከረመው። ገንፎውን አነሣ፤ ቅቤ የነካውን የጋቢውን ጫፍ በጡጫው ጨብጦ ወጣ።