የፊደሏ ካርድ

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ታይፒስቱ ፋንታ በሚሠራበት የቢቸና የመንግሥት ቢሮ አንድ ኮምፒውተር ነበር። አዛዡ ፋንታ ነው ይባል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ማሽኑ ነው።

ማሽኑ አማርኛ የሚያውቀው ከኋላው በምትሰካ፣ የሲጋራ ፓኮ በምታክል ካርድ ነው። ካርዷ ካለች ሲከፈት አንድ ጊዜ ጢጥ ይላል። ከሌለች ሦስት ጊዜ ይጮህና እንግሊዝኛውን ያወርደዋል። ፋንታ ከሥራ ሲወጣ ይነቅላታል፤ ገና እንደተጣለ እንቁላል ትሞቃለች። ከቢሮው ቁልፍ ጋር ኮቱ ኪስ ይከታታል። ኮቱንም ቀን ከላዩ አያወርድም፣ እሁድ ለቅዳሴ ካልሆነ።

"ጠላ ቤት የዋለ ኮት ለብሰህ ልታስቀድስ?" ትለዋለች ሚስቱ ይርጋነሽ። የተዋወቁት ታይፕ ሲማሩ ነው፤ እሷ በአሥር ጣት፣ እሱ በሁለት። ሰሞኑን እሁድ እሁድ ራሷን እያመማት ቤት ትቀራለች።

አንድ ሰኞ ሞጣ ገበያ መንግሥትን የሚሰድብ ወረቀት ተበተነ። ፊደሉ እንደ ታይፕ ሳይሆን በነጠብጣብ የታተመ ነው፤ የዚያው የቢሮው ማሽን።

ካድሬው ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ ፋንታን አስጠራው።

"ጓድ፣ ካርዷ እኮ ከኪሴ ወጥታ አታውቅም።"

"ከቢሮው ጀርባ ጠላ የሚሸጡት እትዬ አመተ ሥላሴ ትናንት ማሽኑ ሲጮህ ሰምተዋል።"

"ስንት ጊዜ?"

"አንዴ። ጫጩት መስሏቸው ቆጥ ሥር ሲፈልጉ ዋሉ።"

ፋንታ ኪሱን ዳበሰ። አንዴ ማለት ካርድ ተሰክቷል ማለት ነው።

"ወይ ሌላ ካርድ ያለው ሰው አለ፣ ወይ አንተ ነህ። እስከ ነገ ስም አምጣ። ካላመጣህ ያንተን ደብረ ማርቆስ እልከዋለሁ፤ ካንተው ጋር።"

ሌላ ካርድ ሊኖረው የሚችል አንድ ሰው ነው፤ ማሽኑን የተከለው የሞጣው ሬዲዮ ጠጋኝ ሳሊህ። የልብ ጓደኛው። ፋንታ የታመመ ጊዜ ዓባይን አሻግሮ ሆስፒታል ያደረሰው ሳሊህ ነው። ግን ማሽኑን ሲተክል የተሰጠውን የቢሮ ቁልፍ እስካሁን አልመለሰም። ያቺ ቁልፍ በፋንታ ሐሳብ ውስጥ እየገዘፈች እየገዘፈች በር አከለች።

በማግስቱ ስሙን ሰጠ።

ሳሊህን አስረው ሲያመጡት ፋንታ የቢሮው በር ላይ ነበር።

"ወላሂ ካርዷ አንድ ናት! ፋንታዬ፣ ንገራቸው እንጂ!"

ፋንታ የጫማውን ክር ማየት ጀመረ።

ይርጋነሽ ስትሰማ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ።

"ሳሊህን? ሳሊህን ሰጠኸው?"

"ጉድ ሠራኝ እኮ ይርጌ! ከማዕዴ እየበላ፣ እየሳቀ!"

ጎንበስ ብላ ጣሳውን አነሳች።

"እሱ ታስሮ እያለ ወረቀቱ እንደገና ቢወጣ፣ ይፈቱታል?"

"እንዴታ! ግን ከየት ይወጣል? የሚያወጣው ገብቷላ።"

እሁድ ፋንታ ጋቢውን ለብሶ አስቀደሰ። ለጓደኛው ክፋት አለቀሰ። ሲመለስ ይርጋነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ዛሬስ ባሰብሽ?"

"ይሻለኛል፤ አረፍ ልበል።"

እትዬ አመተ ሥላሴ ዘንድ ብቅ ሊል ኮቱን ከምስማሩ አውርዶ ለበሰ። እንደ ልማዱም ኪሱን ዳበሰ።

ካርዷ ትሞቃለች።