ለልጄ የወጣሁት ዳገት

ልጆቼ፣ ዘንድሮ እንቅስቃሴም በአምባር ይተላለፋል። አንዱ አምባር አጥልቆ ሲራመድ ጥቅሙ ወደ ሌላው ሰው ደም ይገባል፤ ለተራማጁ የሚተርፈው ላቡ ብቻ ነው።

ልጄን ሐያትን ሐኪሞቹ፣ "ፒሲኦኤስ የሚባል የሆርሞን መዛባት ነው። የወር አበባሽ የተዛባውም፣ ስኳርሽ ከፍ ያለውም ከሱ ጋር ተያይዞ ነው፤ እንቅስቃሴ አድርጊ" አሏት። ሱቋን ትታ መቼ ልትወጣ ነው ብዬ አምባሩን እኔ አጠለቅሁላት። ለልጅ ይጾማል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ መራመድስ ምን ይገዳል? በየጧቱ የጦሳን ተራራ ዳገት እወጣላት ጀመር። ስኳሯም ወረደ፣ የወር አበባዋም ጊዜውን ያዘ።

አንድ ቀን ሻይ ቀድታ፣ እንደ ወትሮው ስኳር ልትጨምርልኝ ስትል ብርጭቆውን በእጄ ከደንሁት።

"እማ፣ አንቺ? ያለ ስኳር?"

"ጠላሁት።"

"እስቲ ወላሂ በይ!"

መማል አቃተኝ። ለካ ጥቅሙ ሁሉ ወደሷ ሲሄድ፣ ስኳር በሽታው እኔን ይዞኝ ኖሯል፤ ሐኪም ከነገረኝ ቢሰነብትም ደብቄያት ነበር፤ ያኔ ነገርኋት።

ሐያት አላለቀሰችም። አምባሩን ከእጄ አወለቀች፣ ሱቋን ቆለፈች፣ ሸራ ጫማዋን አሰረች። ተከተልኋት።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ እያለከለከች ቆመች።

"ልጄ፣ ለዛሬ ይብቃሽ፤ የቀረውን እኔ..." ስላት ዞራ አፈጠጠችብኝ።

"ለኔ ብለሽ ከሆነ ተመለሽ። ለራስሽ ከሆነ ግን ነይ፣ እጄን ያዢ።"

እጇን ይዤ ወጣሁ።