አባሮሽ በመናፈሻው

ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው መናፈሻ፣ ከዋርካው ሥር፣ ካሜራማኑ የሙሽራዋን አገጭ ቀና አደረገና «ፈገግ በይ እንጂ እህቴ፣ ሰርግ እኮ ነው» አላት። ፈገግ አለች። አባቷ ለሽማግሌዎቹ ቃል ከሰጡ ወዲህ ፈገግ በይ ስትባል ነው የከረመችው። በግራ በቀኟ ሚዜዎች፣ ከፊቷ አክስቶቿ፣ ከኋላዋ የቬሎዋን ጫፍ የያዙ ሕፃናት ከበዋት መፈናፈኛ አጥታለች። ሙሽራው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ትንፍሽ አላለም። የናቃት መሰላት።

«አሁን አባሮሽ እንቀርጻለን» አለ ካሜራማኑ። «አንቺ በዛፎቹ መሀል ትሮጫለሽ፣ እሱ ይከተልሻል። ሌሎቻችሁ ከፊቴ ዞር በሉልኝ።»

ሁሉም ገለል አሉላት። ቬሎዋን ሰብስባ ሮጠች።

«በጣም ጥሩ፣ እንዳትቆሚ» አለ ካሜራማኑ ከኋላዋ።

አልቆመችም። የአበባ መደቦቹን አለፈች፣ ጽዶቹን አለፈች፣ አትክልተኞቹ የታጨደ ሣር በሚያወጡበት በጓሮው በር ወጣች። አንድ ባጃጅ ቆሟል። አንድ እግሯን አስገብታ፣ ሙሽራው ምን ያህል እንደቀረባት ለማየት ዞር አለች።

ሙሽራው ኮቱን ሣሩ ላይ ጥሎ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ወደ ዋናው በር እየሮጠ ነበር።