ብርጭቆው ውስጥ ያለችው አረፋ

በጨው ውሃ ከተሞላው ብርጭቆ ውስጥ፣ ለሙከራ የተነከረ ስስ የማግኒዥየም ቁራጭ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ተለጠፈች። ልጅቷ ብርጭቆውን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፤ አረፋዋም ለቅቃ ወጣች። ተራ አየር ከነበረች ሌላ አትተካም። ብረቱን ከመበላት የሚጠብቀው የኦክሳይድ ሽፋን ያልያዘው ቦታ ካለ ግን ጨዉ ብረቱን መብላት ጀምሯል ማለት ነው። ከዚህ ብረት ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ የተሸፈነው የአጥንት ማሰሪያ ሆስፒታል ሄዷል፤ ዛሬ የወንድሟን የተሰበረ ቅልጥም ሊደግፍ።

"አየር ነው፣ አይዞሽ" አሏት ሥራውን ያስተማሯት አለቃዋ ከኋላዋ ቆመው። እሷ ግን ዓይኗን ከብርጭቆው ሳትነቅል ጠበቀች። አረፋዋ እዚያው ቦታ ተመልሳ በቀለች። ከጎኗ ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ፤ ተደርድረው ቀስት ሠሩ፣ ቀስት በቀስት ላይ ተደራርቦም የአውራ ጣት አሻራ ሆነ። የእጅ ወዝ የነካውን ሽፋን አይዘውም። "የታጠበ ብረት ያለ ጓንት የነካ እጁ ይቆረጥ" እያሉ ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ። ይህን የነካ እጅ ያኛውንም ሳይነካ አይቀርም።

ስልኳን አወጣች፤ ሐኪሞቹ ግን የእሷን ቃል እንደማይሰሙ ታውቃለች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይደውሉላቸው። ሳያስገቡት ይድረሱልኝ" ብላ ዞረች።

አለቃዋ ፊታቸው አመድ መስሏል። "ስጪኝ" አሉ። ስልኩን ሊቀበሏት የዘረጉት ግን ግራ እጃቸውን ነበር፤ ቀኙ ከኪሳቸው አልወጣም።