እጀታው ወደ ቤት ይዙር

በኬልሰን ከተማ ቆሻሻ የሚነሳው ሐሙስ ጠዋት ነው። ግራጫው በርሜል ለቆሻሻ፣ ሰማያዊው ለወረቀትና ለጠርሙስ። በመካከላቸው አንድ ሜትር ይተዋል፤ ክዳናቸው ይገጠማል፤ እጀታቸው ወደ ቤት ይዞራል። አሮጊቷ ሊዮና ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች።

ከመንገዱ ማዶ ብቻውን የሚኖረው ኦሪን ግን ደንብ አይገባውም። በየሳምንቱ ሁለቱን በርሜሎች አጣብቆ፣ እጀታቸውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያቆማል። ሊዮና ከላይኛው ፎቅ መስኮቷ ስታየው ደሟ ይፈላል። ታች ያለችውን ረዳቷን ዳርላን ትጠራለች፤ ዳርላም ክንዷን ይዛ ታሻግራታለች።

«ሰውዬ፣ ማንበብ አይችሉም?»

«ልክ ነሽ» ይላል ኦሪን። «እንዴት ነበር የሚቆመው? እስቲ አሳዪኝ።»

«አንቺ እያሉ የሚጠሩኝ ማን ፈቅዶልዎት ነው?»

ኦሪን ይቅርታ ይጠይቃል። እሷ እያጉረመረመች በርሜሎቹን ታዞራለች። እሱ ቆሞ ያያታል። የማታውቀው ሰው እንዲያ አድርጎ ሲያያት ትፈራለች፤ ቤቷ ገብታ እንኳ ዓይኑ ከጀርባዋ አይለቃትም።

ሌላም ነገር አለ። በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር ተቀምጧል። አንደኛው ላይ ማንም ተቀምጦ አይታ አታውቅም።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ የሰማያዊው በርሜል ክዳን ገርበብ ብሎ ቀረ። ሊዮና ከፈተችው። ከላይ አረንጓዴ የሴት ካፖርት ተቀምጧል፤ ታጥቦ፣ በወጉ ታጥፎ።

«ጨርቅ እዚህ ውስጥ አይጣልም። የማን ነው?»

«የሚስቴ።»

«የት ሄደች?»

ኦሪን የካፖርቱን እጅጌ ዳሰሰ።

«ሩቅ አልሄደችም» አለ።

ሊዮናን ብርድ ብርድ አላት። ካፖርቱን ለማስረጃ ያዘችው። ነፋሱ ሲበረታባት ደረበችው፤ ልክክ አለላት። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። ሴትዮዋ የእሷው ቁመት ነበረች ማለት ነው።

የዚያኑ ቀን ለማዘጋጃ ቤት ደወለች። «ሚስቱን አጥፍቷታል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ልብሷን እየጣለ ነው።»

በሳምንቱ ሐሙስ ከርቲስ የሚባል ተቆጣጣሪ መጣ። ሥራ ከጀመረ አሥር ቀኑ ነው። ኦሪን ሳያመነታ አስገባው። በሩ ሥር የሴት ጫማዎች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ አለ፤ አንዱ አልተነካም። ከርቲስ ወደ ስኒው አመለከተ።

«ባለቤትዎ የሉም?»

«ትመጣለች።»

ከርቲስ ይህንኑ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ተያይዘው ወጡ። በርሜሎቹ እንደ ወትሮው ተጣብቀው፣ እጀታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመዋል።

«አቶ ኦሪን፣ ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ደርሶዎታል። እነዚህን ማዞር ምን ያህል ይከብዳል?»

ማዶ የአረጋውያን መንከባከቢያው በር ተከፈተ። ሊዮና የዳርላን ክንድ ይዛ ደረጃውን መውረድ ጀመረች፤ ፊቷ በንዴት ቀልቷል። ኦሪን የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

«በትክክል ካቆምኳቸውማ» አለ፣ «ሚስቴ ልትቆጣኝ አትመጣም።»