ሦስት ጊዜ መርገጥ

ክንፈ የሟች ወንድሙን የትዕዛዙን አሮጌ ላንድሮቨር ካርቡሬተር ነቅሎ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ በገዛ እጁ ገጠመላት። ትዕዛዙን ጭንቅላቱን በጎማ መፍቻ ፈርክሶ ገደል የሰደደው እሱ ነው፤ የሞላሌ ሰው ግን አዳልጦት ነው ብሎ ቀብሮታል።

«በዚህ ብርድ ትዕዛዙ ሦስት ጊዜ ነዳጅ ሳይረግጥ አትነሳለትም ነበር» አለች የሟቹ ሚስት የምሥራች፣ ከደጅ ቆማ።

«ከእንግዲህ መርገጥ ቀረ፣ እትዬ። ኮምፒውተሩ ይመጥናል።»

ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈተ። ከዚያ በመኪናዋ አፍንጫና በድንጋዩ ግንብ መሃል ቆሞ፣ ላፕቶፑን ኮፈኑ ላይ ዘረጋ። በስክሪኑ ላይ የነዳጅ መርገጫውን እንቅስቃሴ የሚያሳየው መስመር ወጣ፣ ወረደ። ቀና ብሎ በፊት መስታወቱ ወደ ውስጥ አየ፤ ጋቢናው ባዶ ነው። መስመሩ እንደገና ወጣ፣ ወረደ።

በሦስተኛው ሞተሩ አጓራ፤ አፍንጫዋ ጉልበቱን ከግንቡ ጋር ሲፈጨው መስመሩ አልወረደም።