ኧረ እኔ ይቅርብኝ

የየቤቱ ግድግዳ የሰውን የመጀመሪያ ቃል ሰምቶ እንዲፈጽም ከታወጀ ወዲህ፣ ሁለተኛ ቃል ዋጋ የለውም። እሺ ያለ እሺ ነው፤ እንቢ ያለም እንቢ።

ወይዘሮ አስካለ ባሕር አይተው አያውቁም። ልጃቸው ናሁሰናይ ለቤተሰብ የሚስማማ የደሴት መዝናኛ ሲያማርጥ፣ እሳቸው ሰፊ ባርኔጣ ገዝተው አልጋ ሥር ደብቀዋል።

“እማዬ፣ ይሄኛው ለልጆቹ ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ ላንቺ ደግሞ ጥላ አለው። ትሄጃለሽ አይደል?”

“ኧረ እኔ ይቅርብኝ፣ እናንተ ሂዱ” አሉ፣ እንደ ወጉ እስኪለመኑ።

“ተመዝግቧል” አለ ግድግዳው። “ወይዘሮ አስካለ ይቀራሉ።”

ናሁሰናይ ደንግጦ “በሞ...” ሲል ሚስቱ አፉን በእጇ አፈነችው። ጎረቤታቸው እንግዳውን “በሞቴ ብላልኝ” ብሎ፣ ግድግዳው እንደ ቃሉ አድርጎለት፣ ተዝካሩን የበሉት በቅርቡ ነው።

ቤተሰቡ በሄደ ማግስት ግድግዳው ጠየቀ፦ “ወይዘሮ አስካለ፣ ምሳ ላቅርብ?”

ቁርስም እንዲሁ አምልጧቸው አንጀታቸው ይጮኻል።

“ኧረ ተወው፣ አትቸገር” አሉና፣ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ባዶው ገበታ ፊት ተቀምጠው እስኪለመኑ ጠበቁ።